እስከ ሰማያዊው የፖስታ ሳጥን

ሐሙስ ዕለት ከጃፓን የመጣው ካርድ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እሺ»። በፊደል። የ«ሺ» ቅጥያ በስህተት በግራ እግሯ ላይ ተቀጥላለች።

ካርዱን ይዤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁና ለእናቴ አነበብኩላት፤ አንድ ቃል ማንበብ ከተባለ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ታክሲውን ፓርክ እስኪያደርግ እንኳ አልጠበቅኩም፤ በመስኮቱ ነገርኩት።

«እሺ አሉ?» አለ።

«እሺ አሉ።»

«በስንተኛው?»

«በሦስተኛው።»

መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ሰዎቹ የእኛው ናቸው» አለ።

«እሺ» ማለት ጓደኛዬና እናቷ በዚህ ሰመር ሲመጡ ኤርፖርት የሚቀበላቸው አባቴ ነው ማለት ነው። ይቺ ቃል ለምን ሁለት ዓመት እንደፈጀች ልንገራችሁ። ዓምና ቢሆን በአማርኛ ይህን ያህል ለመጻፍ አልደፍርም ነበር። አሁን ግን እጄን የሚያቆመው አልተገኘም።

ጓደኛዬን ያገኘኋት ስድስተኛ ክፍል ነው። አባቷ ለሥራ ተልኮ ነው ከጃፓን ወደዚህ ወደ አሜሪካ የመጡት፤ ቤታቸው ከእኛ አራት ብሎክ ብቻ ይርቃል። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጃፓንኛ፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል እንማር ነበር፤ ሁለታችንም ቅዳሜያችንን የተቀማን ልጆች። ሁለት መቶ ምናምን ፊደል አለን ብዬ ላማርራት ስሞክር የእነሱ ብዙ ሺህ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ አላማረርኩም።

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የነሱን ደጃፍ የረገጠችው አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ጫማችንን አውልቀን ገባን፣ ሻይ ጠጣን። እናቴ በአማርኛ ያለችውን እኔ በእንግሊዝኛ፣ ጓደኛዬ ደግሞ በጃፓንኛ እያልን ወሬው ሁለት ልጅ አቋርጦ ይደርስ ነበር። ስንወጣ እናቷ እስከ መንገዱ ወረደች፤ ጎንበስ ብላ ተሰናበተችን፤ ቆመች። ጥቂት ሄደን እናቴ ዞር ብትል አሁንም ቆማለች።

«ምን ረስተን ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ቆመች? የምትለን ነገር ኖሮ ይሉኝታ ይዟት ነው። ነይ እንመለስ።»

ስንመለስ ስታየን፣ እሷም ዕቃ የረሳን መስሏት እየሮጠች መጣች። የተረሳ ነገር የለም። ጥቂት ልሸኛችሁ ብላ አብራን መራመድ ጀመረች። እናቴ ደስ አላት፤ «አየሻት? መሸኘት ያውቃሉ» አለችኝ። ሁለት ብሎክ እንደሄድን ግን «ብቻዋን እንዴት ትመለሳለች?» ብላ እሷን ልንሸኝ ዞርን። በራቸው ደረስን፤ ጎንበስ አለች፤ ቆመች። ሄድን፤ እናቴ ዞረች፤ ቆማለች።

«ይቺ ሴትዮ ዛሬ ልታሳድረኝ ነው» አለች እናቴ፤ ተመለሰች።

በሦስተኛው ዙር፣ አብራን ስትመላለስ የነበረችው ጓደኛዬ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በነሱ ዘንድ እንግዳው ከዓይን እስኪሰወር ቆሞ ማየት ወግ ነው። በእናቴ ዘንድ ደግሞ የቆመልህን ሰው ጥለህ መሄድ ነውር ነው። ሁለቱ ጨዋነት ተቆላልፎ መንገድ ላይ ሊያስመሸን ሆነ። ፎቅ ላይ ያለው አሜሪካዊ ጎረቤታችን «ባይ» ብሎ በሩን ሲዘጋ ስንት ሰዓት እንደሚተርፈው ያን ቀን ገባኝ።

ሶ፣ እኔና እሷ ሕግ አወጣን። በሁለታችን ቤት መሃል፣ መንገዱ ጥግ ላይ ሰማያዊ የፖስታ ሳጥን አለ። መሸኘት እስከዚያ ብቻ፤ እዚያ ሲደረስ ሦስት ተቆጥሮ ሁሉም በአንዴ ፊቱን ያዞራል። እናቶቻችን ተስማሙ። ሁለቱም ግን ሰርቀው ዞረው ያዩ ነበር። እኛም።

ስምንተኛ ክፍል ለታሪክ ትምህርት ስለ ጃፓን ጻፍኩ። የሩዝ ማሳ ውሃ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚወርድ ከጎረቤቱ የተጣላ ገበሬ ማሳው ይደርቅበታል፤ መስማማትን ያስተማራቸው ውሃው ሳይሆን አይቀርም ብዬ። ሳነብለት አባቴ «የእኛስ? ደቦ የማይወጣ ሰው አዝመራውን ማን ይሰበስብለታል?» አለ። ቀጥሎ ያለው ላይ ግን አልቀለደም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚሁ ከተማ ይኖሩ የነበሩ ጃፓኖች ከየቤታቸው ተለቅመው በረሃ ወዳለ ካምፕ ሲወሰዱ ብዙው ጎረቤት ዝም ብሎ ነው ያየው። አባቴ መነጽሩን አወለቀ።

«አገር ቤት በእኛም ሰፈር ልጆች ሲወሰዱ መስኮት ይዘጋ ነበር» አለ። «ዝም ያለ ሰፈር ሁሉ የተስማማ ሰፈር እንዳይመስልሽ፣ የኔ እናት።»

ይህንንም ጨመርኩበትና ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ለራሴ ግን አልተማርኩበትም።

ዘጠነኛ ክፍል ልንገባ ስንል የአባቷ ሥራ አለቀ። አባቴ «ሂጂና ንገሪያቸው፤ ኤርፖርት የማደርሳቸው እኔ ነኝ» አለኝ። ሄጄ ነገርኳቸው። እናቷ እጇን እያወዛወዘች በእንግሊዝኛ «ኖ፣ ኖ፣ ትቸገራላችሁ» አለች። «ኦኬ» አልኩና ተመለስኩ።

«እሺ አሉ?» አለች እናቴ።

«አይፈልጉም።»

«ስንቴ ጠየቅሻቸው?»

«አንዴ።»

ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «አንዴ መጠየቅ እኮ አለመጠየቅ ነው። እዚህ ቤት የመጣ ሰው በመጀመሪያው እሺ ብሎ ሲበላ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ግን ይህን የማውቀው ቤት ውስጥ ነው፤ እንግሊዝኛ ስናገር ከእኔ ይጠፋል።

በማግስቱ ጠዋት ሳይሄዱ ልንደርስባቸው እናቴና እኔ እየሮጥን ፖስታ ሳጥኑን አልፈን ቤታቸው ደረስን። የመስኮቱ መጋረጃ ተነቅሏል። ስንመለስ ሳጥኑ ጋ ቆሜ ሦስት ቆጠርኩ፤ ከማን ፊቴን እንደማዞር ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ኢሜይሏ እያለኝ «ስላልሸኘሁሽ ይቅርታ» ብዬ እጀምርና አጠፋዋለሁ። ስትጽፍልኝ እመልሳለሁ እላለሁ፤ አትጽፍም። ግማሽ ላጲሷ ቦርሳዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ እንዳያልቅ ብዬ አንድም ቀን አላጠፋሁበትም። የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ መንገድ ስወርድ ሳጥኑን ላለማየት በወዲያኛው ዳር እሄዳለሁ። ቅዳሜ ፊደል ስጽፍ የክርኗ ግፊት ይናፍቀኛል፤ ግራኝ ስለሆነች ክፍል ውስጥ አጠገቤ ስትጽፍ ሁልጊዜ ትገፋኝ ነበር።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ደብዳቤ መጣ። ወረቀት የመረጥኩት መልስ እንዳላስቸኩልሽ ነው ትላለች። እስካሁን ያልጻፈችው ላለማስቸገር ነው። ከዚያ ስለዚያ ጠዋት ጻፈች። ሻንጣቸውን የጫነው መኪና ፖስታ ሳጥኑ ጋ ሲደርስ እናቷ፣ ማንንም ማስቸገር የማትወደው እናቷ፣ ሹፌሩን አንድ ደቂቃ እንዲቆምላት ለመነችው። ወደ እኛ መንገድ አዩ። ደቂቃው አለቀ። «እናቴ በሦስተኛው እሺ ልትል ነበር» ይላል።

ለዚያች አንድ ደቂቃ አለቀስኩ። እኛ የደረስነው ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ ማወቅ አልፈልግም።

የደብዳቤው መጨረሻ ላይ «በሰመር ለሁለት ሳምንት እንመጣለን፤ ኤርፖርት ድረስ ግን እንዳትቸገሩ» ይላል። አባቴ ጣቱን አነሳና «አንድ» አለ። እናቴ እየነገረችኝ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩ፤ አንብባው «ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለችኝ። ወደ እንግሊዝኛ መለስኩትና ላክነው። እንዳትቸገሩ አሉ። «ሁለት።» ደግመን ላክን። ሐሙስ «እሺ» መጣ።

የሚመጡት የሐምሌ መጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አባቴ ከኤርፖርት አምጥቶ ፖስታ ሳጥኑ ጋ ያወርዳቸዋል፤ ከዚያ እኛ ቤት ድረስ በእግር ነው። እናቴ «ያቺ ሴት ባዶውን አይታው የሄደችው መንገድ በሰው ይሙላልኝ፤ ያገኘሽውን ሁሉ ጥሪ» ብላኛለች። ሶ፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ ተጠርታችኋል፤ ኖርዝ ሆሊውድም ፓሳዴናም ያላችሁ። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ እስከ ሳጥኑ የሚሸኛችሁ፣ እስክትሰወሩም ቆሞ የሚያያችሁ ሰው አለ። ኑ። «አይ፣ አትቸገሩ» የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ «አንድ» ብያለሁ።