ዘጠና ሁለት ሳንቲም

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው በር ሲበይድ የኖረ ሰው፣ በገዛ ሽንት ቤቱ በር ሰባት ወር ሙሉ በሰው እጅ ተደግፎ ሲገባና ሲወጣ ቢናደድ ማን ይፈርድበታል? ቤተሰቡ ግን ፈረደበት። «ጠባዩ ተበላሸ» አሉ። ጠባዩስ አልተበላሸም። ድሮም እንዲሁ ነበር፤ ልዩነቱ ድሮ የሚቆጣው ቆሞ ነው፣ አሁን ተቀምጦ ነው።

ሰፈሩ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ከረሳው ቆይቷል፤ የሚጠራው «ውሃ ልክ» እያለ ነው። እሱ የሰቀለው በር አያነክስም፣ እሱ የተከለው አጥር አይዘምም። ሌላው በያጅ በመሣሪያ የሚያረጋግጠውን እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይጨርሰዋል። ሜትርም ብዙ አይወድም ነበር፤ ሜትሩ የገዛ አካሉ ነው። ከጫማው ሶል እስከ ዳሌው አጥንት ዘጠና ሁለት ሳንቲም፣ ከክርኑ እስከ መሃል ጣቱ ጫፍ አርባ ስምንት፣ ስንዝሩ ሃያ ሦስት። የሰፈሩ የበር እጀታ ሁሉ የተበየደው እሱ አጠገቡ ቆሞ ዳሌው በደረሰበት ቁመት ነው። ወርክሾፑ ውስጥ እሱ «ዘጠና ሁለት» ካለ ዘጠና ሁለት ነው፤ ከሱ በኋላ ደግሞ የሚለካ ሰው ሥራ የፈታ ሰው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ቀኝ እጁ ክሩን መሳብ እምቢ አለው። ስትሮክ ነው ተባለ። ምላሱ በሦስት ሳምንት ተመለሰለት። ባለቤቱ «ከሁሉ ቀድሞ የተመለሰው አስቸጋሪው ነው» እያለች ለጠያቂ ትቀልዳለች፤ ጓዳ ገብታ ስታለቅስም ታይታለች። ቀኝ እግሩና ቀኝ እጁ ግን የሱ መሆናቸውን ረሱት። ሽንት ቤት ለመሄድ ባለቤቱ ብብቱ ሥር ገብታ ታነሳዋለች፤ እሷ ገበያ ከወጣች ጎረቤት ይጠራል። አንድ ከሰዓት በኋላ የተጠራው ጎረቤት እሱ ራሱ የግቢ በር የሰቀለለት ሰውዬ ነበር። ሰውዬው በደግነት «አይዞዎት፣ አይፈሩ፣ ይዤዎታለሁ» አለው። ውሃ ልክ ያን ቀን እህል በአፉ አልዞረም።

የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነገር የማታሽሞነሙን ሴት ነች። «እግርዎ ካሠሩት ይሠራል፣ ዝም ካሉት ደርቆ ይቀራል» አለችው። «እዚህ በሳምንት ሁለቴ መምጣቱ አይበቃም። ቤትዎ ውስጥ በየቀኑ የሚሠሩበት ነገር ያዘጋጁ።»

ውሃ ልክ ከዚህ ንግግር የሰማው አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ ከሠራ አንድ ቀን ብቻውን ሽንት ቤት ሄዶ በሩን ይዘጋል። ከዚህ በላይ ምንም አልተመኘም። አጠገቡ የቆመው ትልቁ ልጁ ግን ሌላ ነገር ሰማ። ልጁ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው፣ ችግር ሲያይ ዕቃ መግዛት የሚቀናው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሳሉ «ቤት ውስጥ ጂም ማለት ነው» አለ። በሦስት ቀን ውስጥ ስልኩ በመሮጫ ማሽን ፎቶ ተሞላ። እስቲ አሁን መቆም ላቃተው ሰው የመሮጫ ማሽን ምን ይሉታል?

ቅዳሜ ዕለት ሱቅ ወሰደው። ሱቁ ሰፊ ነው፣ ግድግዳው መስታወት በመስታወት ነው፣ ውሃ ልክም ዊልቸሩ ላይ ያለውን ራሱን በአራት አቅጣጫ ለማየት ተገደደ። ሻጩ ደረቱ ላይ የተወጠረ ካናቴራ የለበሰ ሸበላ ነው። ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳያነሳ ጠየቀ።

«አባባ ስንት ኪሎ ናቸው?»

«ሰባ አካባቢ» አለ ልጁ።

«ቶሎ ይደክማቸዋል?»

«ትንሽ።»

«ይሰማሉ?»

«አዎ፣ ይሰማል።»

ውሃ ልክ ደሙ ፈላ። በሽተኛን እንደ ዕቃ መሃል አስቀምጦ በላዩ ላይ የሚያወራ ሰው መዓት ነው፤ ይሄኛው ግን ጆሮም እንደሌለው ቆጠረው።  ሻጩ ተቀምጠው የሚነዱትን የቤት ውስጥ ብስክሌት እየደባበሰ ያወድስ ጀመር። የልብ ምት ይቆጥራል፣ የተቃጠለ ስብ ይቆጥራል፣ ሙዚቃም አለው።

«አስጠጋኝ» አለ ውሃ ልክ።

ልጁ አስጠጋው። በግራ እጁ ከወንበሩ ሥር ገብቶ የብረቱን መገጣጠሚያ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ዓይኑን ጨፈነ። ባለቤቱ ብትኖር ኖሮ ያኔውኑ ወደ ቤት ትመልሰው ነበር፤ ያን ፊት ታውቀዋለች።

«ይሄን ማን በየደው?»

«ከውጭ የመጣ ነው፣ አባባ።»

«ከፈለገ ከጨረቃ ይምጣ። ይሄ ብየዳ አይደለም፣ ምራቅ ነው። ላዩን ቀለም ቀብታችሁ ውስጡን ባዶ ትታችሁታል። ሰው ሲቀመጥበት የሚለቀው እዚህ ጋ ነው፤ እጅህን አምጣ፣ ንካው።»

ሻጩ አልነካም። ሌሎች ገዢዎች ዞር ዞር ማለት ጀመሩ። «አባባ፣ ይሄን እንኳ ለባለሙያ እንተውለት» አለ ፈገግ ብሎ።

«ባለሙያው ማን መሰለህ?» ውሃ ልክ ድምፁ ሱቁን ሞላው። «ሆስፒታል እኔን ያቆሙኝ በሁለት ብረት መካከል ነው። ግራና ቀኝ ይዤ የምራመድበት። እሱ አላችሁ?»

«እሱ የሕክምና ዕቃ ስለሆነ እኛ አናመጣም። ግን ይሄኛው...»

«ሙዚቃ አለው። ሰምቻለሁ። እሰማለሁ።»

መኪና ውስጥ ልጁ መሪውን ጨብጦ «ሰው ፊት አዋረድከኝ» አለ።

«እኔ ነኝ ያዋረድኩህ? ‹ይሰማሉ ወይ› ሲልህ ‹አዎ ይሰማል› አልከው። እንደ ሬዲዮ።»

«ታዲያ ምን እናድርግህ አባዬ? የምንገዛው አይጥምህ፣ የምንናገረው አይጥምህ። ሰባት ወር ሙሉ እማዬን አንገበገብካት።»

«አትግዛልኝ። እኔው እሠራዋለሁ።»

«በየትኛው እጅህ?»

ቃሉ ካፉ እንደወጣ ልጁ ራሱ ደነገጠ። መብራት ላይ ቆመው ነበር፤ አረንጓዴው በርቶ ከኋላ ክላክስ ሲጮህበት እንኳ መንዳት ረሳ። ውሃ ልክ በግራ እጁ ቀኙን አነሳና ጭኑ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው። ቤት ሲደርሱም ከመኪናው ያወረደው ያው ልጁ ነው፣ ብብቱ ሥር ገብቶ።

በማግስቱ ምክትሉን አስጠራ። ምክትሉ አሥራ ስምንት ዓመት አብሮት የበየደ ጎልማሳ ነው። ዛሬ ወርክሾፑን የሚያዘው እሱ ነው፤ ግን ሠራተኛው አሁንም ምክትል ይለዋል፣ እሱም የአለቃውን በርጩማ እስከ ዛሬ አልተቀመጠበትም። ውሃ ልክ በግራ እጁ፣ መጻፍ እንደሚማር ሕፃን እየጠመመበት፣ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አሰመረለት። ርዝመቱ ሦስት ሜትር። በመካከላቸው ስልሳ። ቁመቱ ዘጠና ሁለት።

ምክትሉ ወረቀቱን አየው፣ ሰውዬውን አየው። «ጋሼ፣ ለማንኛውም ልለካዎት?»

«ምኔን?»

«ቁመቱን። ለማረጋገጥ ያህል።»

«አሥራ ስምንት ዓመት ስትሠራ የኔን ልክ አንድ ቀን ደግመህ ለክተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?»

የተገኘውን አዲስ ነገር ሁለቱም ያውቁታል። ምክትሉ ግን ሜትሩን መልሶ ኪሱ ከተተ። በሌላ ወርክሾፕ ቢሆን ይሄ ጥፋት አይጠፋም ነበር፤ በዚያ ወርክሾፕ ግን ውሃ ልክን መለካት ነውር ነው።

በሳምንቱ ብረቶቹ መጡ። ልጁ ድሮ በሚተኛበት የኋላ ክፍል ወለሉ ተበስቶ፣ የእግራቸው ላሜራ በብሎን ታሰረ። ውሃ ልክ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ የብየዳውን መገጣጠሚያ ሁሉ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አንድም እንከን አጣበት። ይሄም ራሱ አናደደው፤ እሱ ከሌለም ሥራው እንዲህ ያምራል ማለት ነው። ልጁም መጥቶ ነበር፤ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ያንን ብስክሌት በእልህ ይሁን በጸጸት ገዝቶ ሳሎን አስቀምጦታል፤ መኪና ውስጥ ስለተነጋገሩት ግን ሁለቱም አላነሱም።

ምክትሉና ባለቤቱ ግራና ቀኝ ይዘው አቆሙት። ብረቱን ያዘ። ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ፣ ክርኑ ወደ ጎን ተገፋ፣ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ ትከሻው ላይ ወደቀ። ብረቱም እንደ ሰዎቹ አንጠልጥሎ ይዞት ነበር።

«አበላሸኸው!» አለ። «ስንት አልኩህ? ዘጠና ሁለት አላልኩም? ይሄ መቶ ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልፋቴን ውሃ በላው። አንድ ቁጥር መያዝ ያቅትሃል?»

ምክትሉ ሜትሩን አውጥቶ ከወለሉ እስከ ብረቱ ዘረጋና ውሃ ልክ እንዲያይ አዞረለት። ዘጠና ሁለት፤ ከዚያ አትበልጥ፣ ከዚያ አታንስ።

 ባለቤቱ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተከለች። ሁሉም ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ጉልበቱ ታጥፏል፣ ወገቡ ወደ ቀኝ ዘሟል። ያ ሰፈር ሙሉ በር የተሰቀለበት ቁመት የለም።

«ለካኝ» አለ ውሃ ልክ።

«ጋሼ...»

«ለካኝ አልኩህ።»

ምክትሉ ተንበረከከ። ብዙ ቆየ፣ ከሚያስፈልገው በላይ። «ሰማንያ ሰባት» አለ ወለሉን እያየ። ከዚያ ነገሩን ለማቅለል «አምስት ሳንቲም ልቁረጠው፣ ጋሼ። ግራይንደሩ መኪናው ውስጥ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» ብሎ ሊነሳ ሲል ውሃ ልክ አስቆመው።

«አትነካውም። ብረቱ ልክ ነው። የዘመምኩት እኔ ነኝ።» ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው፤ እጁ ግን አልለቀቀም። «ከቆረጥከው እዚያው ሰማንያ ሰባት ላይ እቀራለሁ። ባለ አንድ ሳንቲም ጣውላ አምጣ፣ አምስት። እግሬ ሥር ደርድረህ ወለሉን አንሳልኝ። በተቃናሁ ቁጥር አንዷን ታወጣታለህ።»

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የብረቶቹንና የጣውላዎቹን ፎቶ ስታይ ተቆጣች። መቁረጡ ይቀል ነበር አለች። ከዚያ ጣውላዎቹ በብሎን እንዲያያዙ፣ መግቢያው ላይም ጠርዙ እግር እንዳይጠልፍ መወጣጫ እንዲሠራለት አዘዘች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ስድብ ነው። ጠዋት አሥር ጊዜ፣ ከሰዓት አሥር ጊዜ፣ እየሄደ እየተመለሰ እግሩን ይሰድበዋል፣ ጣውላውን ይሰድበዋል፣ የምትቆጥርለትን ባለቤቱን «ሰባትን ሁለቴ ቆጠርሽ» ብሎ ይጣላታል። እሷም «ሁለቴ ብቆጥር ለአንተ ነው የሚጠቅመው» ትለዋለች፤ ይሄኔ ይብስበታል፤ በሐሰት ልክ መጠቀም አይፈልግም። ሳሎን ያለው ብስክሌት ልብስ ማስጫ ሆነ። እሱንም ቢሆን ካልሲ ብቻ ነው የፈቀደው። «ብርድ ልብስ አትስቀይበት፣ ይለቃል» ይላታል።

አንድ ጠዋት ባለቤቱ ወጥ ቤት ሆና የሽንት ቤቱ በር ከውስጥ ሲቀረቀር ሰማች። እጇን እንኳ ሳትጠርግ ሮጣ በሩ ላይ ቆመች፤ ቢወድቅስ ብላ። ከውስጥ ድምፁ መጣ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሰው እፎይ አይበል?»

ሄደች፤ ግን ሩቅ አልሄደችም።

እሑድ ልጁን አስጠራው። ልጁ ሲገባ አባቱ ብረቶቹ መካከል ባዶው ወለል ላይ፣ ከጣውላዎቹ ወዲህ ቆሞ ነበር፣ ማንም ሳይዘው። ሜትሩን በግራ እጁ ወረወረለት። «ለካኝ።»

ልጁ በቢሮ ሱሪው ተንበረከከ። ሜትር ይዞ ስለማያውቅ መጀመሪያ ገልብጦ ያዘው፤ አባቱ አስተካከለው። «ሰማንያ ስምንት» አለ ልጁ። «አንዷ ትወጣለች ማለት ነው።»

«ደህና አድርገህ እይ።»

«ሰማንያ ስምንት ነው፣ አባዬ።»

«ከዚያስ በላይ?»

ልጁ ዓይኑን አስጠጋ። «ሁለት ሚሊ አለች።»

«ታዲያ እሷን ለማን ተውካት?» ፊቱ ቀላ፣ ድምፁ ክፍሉን ሞላው፣ እንደ ሱቁ ቀን። «ሁለት ሚሊ የሚጥል ሰው በር ይሰቅላል?»

«ሁለት ሚሊ ምን አላት፣ አባዬ?»

ውሃ ልክ ቀኝ እጁን፣ ያንን ሰው ሲያነሳለት የከረመውን፣ በራሱ ጉልበት ቀስ አድርጎ አነሳና ብረቱ ላይ አሳረፈው። ጣቶቹ አንድ በአንድ ታጠፉ።

«በዚህኛው እጄ ነው የሠራኋት» አለ።

ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሜትሩን ከወለሉ ጀምሮ እንደገና ዘረጋው።