ከመጽሐፉ ራስጌ

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ዐሥር ጊዜ ደጋግሜ ልጽፈው አምሮኝ ነበር፤ ብራናው ያልቅብኛል ብዬ ነው የተውኩት። ግን በገዛ እጄ ነው!

በደብረ ታቦር የነበርኩበት የቆሎ ትምህርት ቤት ትልቅ ነበር። ከጎጃም ሳይቀር የመጣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ይሰፍራል። ሁሉም የየራሱን ትምህርት በአንድ ጊዜ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ገበያው ድረስ ይሰማል። ከዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አባቴ የደብሩ ቄስ ባይሆኑ ማንም አያስጠጋኝም ነበር።

መጽሐፍ እንደ ልብ የለም። አንድ ዳዊት ቁርበት ላይ ይዘረጋና ዙሪያውን እንከበዋለን። ግርጌውን ትልልቆቹ ይይዛሉ፤ ጎንና ጎኑን ጉልበት ያለው ተጋፍቶ ይይዛል። ለእኔ የሚተርፈኝ ራስጌው ነው። ፊደሉን የለየሁት እዚያው ተቀምጬ ነው፤ ዳዊቱንም የጨረስኩት እዚያው። ሌላ ወገን እንዳለውም አስቤ አላውቅ።

ዳዊት ስጨርስ እናቴ ደገሰች፣ ጎረቤት እልል አለ፣ በቃ፣ ትምህርቷ አለቀ ተባለ። እኔን ግን መጻፍ አማረኝ። በዚያ ትልቅ ትምህርት ቤት ደግሞ ማንበብ እንጂ መጻፍ የሚያስተምር የለም፤ ጽሕፈት እንደ ሽመና ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

«ለሴት ልጅ ጽሕፈት ምን ሊያደርግላት?» አለች አክስቴ። «ክታብ ልትጽፍ ነው? ጠንቋይ ናት ቢባል ማን ያገባታል!»

እኔም አባቴን ነዘነዝኩ። ሲበሉ ነዘነዝኩ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነዘነዝኩ፤ በመጨረሻ አባቴ ተሸነፉ። ከጉና ተራራ ሥር ጥቂት ተማሪ የሚያስተምሩ አንድ ቁም ጸሐፊ እንዳሉ ሰምተው ነበር።

«እወስድሻለሁ» አሉኝ። «ከተቀበሉሽ ትቆያለሽ። ካልተቀበሉሽ ግን አብረሽኝ ትመለሻለሽ፤ ከዚያ ወዲያ የጽሕፈት ነገር በጆሮዬ እንዳይገባ!»

በበቅሎ ወጣን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ እኔ ግን ከደስታ ይሁን ከብርድ የምንቀጠቀጠው አላውቅም። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ አንዲት ጎጆ ናት፤ በዙሪያዋ ገብስ፣ ከደጇ ተወጥሮ የሚደርቅ የፍየል ቆዳ። ሦስት ልጆች ቆዳውን ይፍቃሉ።

«ሌሎቹ ተማሪዎች የት ሄዱ?» አልኩ።

«ሌሎቹም እኛው ነን» አለኝ አንዱ።

የኔታ ከውስጥ ወጡ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ጣታቸው በቀለም ጠቁሯል፤ አንገታቸው ወደ ቀኝ ዘመም ብሏል። አባቴ የመጣንበትን ነገር ሲነግሯቸው እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ማንበብ የማይችል ሰው ቢጽፍ ሥዕል ነው የሚሥለው» አሉ። «ዳዊት ጨርሳለች?»

«በደንብ እንጂ!» አሉ አባቴ።

የኔታ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው መካከሉን ገለጡና ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። መጽሐፍ ለብቻዬ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ከደስታዬ የተነሣ አቀፍኩት። ወደ ገጹ ብመለከት ግን አንድ የማውቀው ፊደል የለም! ሀ ያልኩት በ ነው፤ ሌላው እግሩን ሰቅሎ ይንፈራገጣል። ያ ሁሉ የለመድኩት ፊደል እንደ ባዕድ አፈጠጠብኝ።

«እህ?» አሉ የኔታ።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በቃ፣ ወደ ቤት ልመለስ ነው፣ አክስቴም ልትስቅብኝ ነው። እጄ ግን ከእኔ ቀድሞ አወቀ፤ መጽሐፉን አዞረው።

«የኔታ! የከተማዋ ሊቅ መጽሐፉን በአናቱ አቆመችው!»

«ተዋት እስቲ፣ ፊደሉን አራግፋ ልትለቅመው ነው!»

ልጆቹ ይንከተከታሉ፤ ለእኔ ግን ፊደሎቹ ሁሉ በየቦታቸው ገቡ። አንዱን መዝሙር ጀምሬ እንደ ውሃ አወረድኩት። ሳቁ ቆመ።

«ይኼ በቃል ነው» አሉ የኔታ ቆጣ ብለው። «ዳዊት ዐይን ጨፍኖ የማይደግም ተማሪ የት አለ! ገልብጠሽ ይዘሽ ታታልይኛለሽ?»

«አላታለልኩም፣ የኔታ! የማላውቀውን ስጡኝ።»

ገቡና ገና ጽፈው ያልጨረሱትን ብራና ይዘው ወጡ። የአንድ ጻድቅ ገድል ነው፤ ከእሳቸው በቀር ያየው የለም። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፤ ወደ እኔ ሊያዞሩልኝ ሲሉ «አታዙሩት፣ የኔታ! እንዳለ ተዉት» ብዬ ጮኽኩ። ከተቀመጥኩበት አንገቴን ብቻ አስግጌ አነበብኩላቸው፤ የቀዩንም የጥቁሩንም ቀለም፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል፣ ያልደረቀችውን ሳይቀር።

የኔታ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ራስጌው ነው የደረሰሽ?» አሉኝ።

«አዎን።»

«እኔ የቀኝ ጎኑ ነበር የደረሰኝ። ይህን አንገት እግዜር እንዲህ አድርጎ የሰጠኝ ይመስልሻል?»

አባቴም መሳቅ ጀመሩ። እኔ ግን ገና አልሳቅሁም፤ የኔታ ጣታቸውን አንሥተዋላ!

«እንደ ፈለግሽ አንብቢ፣ ግድ የለኝም። ተገልብጦ ለሚጻፍ ፊደል ግን ፍየል አላሳርድም። አንዲት ሀ ቀጥ አድርገሽ ጻፊልኝና እንነጋገራለን።»

ቁራጭ ብራና አነጠፉ፤ መቃውን ከቀለም ቀንዱ ነክረው ሰጡኝ። እኔም ልማድ አይደል፣ ዞሬ ራስጌው ጋ ቁጢጥ አልኩ።

«ወዲህ! ወዲህ ነይ!» አሉ ሦስቱም ልጆች፤ አሁን እነሱም አዝነውልኛል መሰለኝ።

ዞርኩ። የኔታ ጠጋ ብለው ከጎናቸው፣ ከግርጌው በኩል ቦታ ለቀቁልኝ። ከመምህር ጋር በአንድ ወገን ተቀምጬ መጽሐፍ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ለካ ገጹ ከዚህ ሲታይ እንደ ሜዳ ይሰፋል! ዐይኔ የሚያውቃት ሀ አፏን ወደ ታች የደፋች ነበረች፤ ያቺን ልጽፍ ስል እጄን መለስኩት፤ እንደ ገና ቃጣሁ፣ መለስኩት። ከዚያ መቃውን ጫን አድርጌ ወደ ታች ሳብኩት፣ አዞርኩት፣ ወደ ላይ መለስኩት።

ወፈረች፣ ትንሽም ዘመመች፤ ግን አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ ቆመች።

የኔታ ጎንበስ ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «በሉ አባ ቄስ፣ በቅሎዋን ጫኑ። አንቱ ብቻችሁን ነው የምትመለሱት።»

ተነሥቼ ዘለልኩ። የቀለሙ ቀንድ ተደፋ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ የኔታ «ቀለሜን!» አሉ፤ እኔ ግን መዝለሌን አልተውኩም።

አባቴ በቅሎዋ ላይ ሆነው ሊቆጡም ሊስቁም እያማራቸው አዩኝ። «ለእናትሽ ምን ልበላት?»

«ጻፈች በሏት!» አልኩና እጄን አሳየኋቸው፤ እስከ አንጓው ጠቁሯል።