ሁለቱ ምስክሮች

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እናቴና እኔ ሱዳን ውስጥ፣ ሾዋክ ከተማ አጠገብ በነበረ የስደተኞች መጠለያ እንኖር ነበር። በደርግ ዘመን ታላቅ ወንድሜን የታጠቁ ሰዎች ከቤት አውጥተው ገድለውት፣ ከአርማጭሆ በእግራችን ወርደን ነው የመጣነው። ያኔ ፀሐይዋ ጠልቃ ምድሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየኔታ ውቤ ደጃፍ ይሰበሰብ ነበር። የኔታ በአገራቸው የቄስ ትምህርት ያስተምሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በስደት የገመድ አልጋ እየጠገኑ ይተዳደሩ ነበር። ጥላሸት የጠገበ ፋኖሳቸውን አጠገባቸው አድርገው፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያነበቡትን እንደ ተረት ያወሩልን ነበር።

ሰው አዘውትሮ የሚጠይቃቸው የአንድ ወይን ቦታ ታሪክ ነበር፤ ንጉሥ የጎረቤቱን ርስት ይመኛል፣ ባለርስቱ እምቢ ይላል፣ ሁለት ሰዎች በሐሰት ይመሰክሩበታል፣ በድንጋይ ተወግሮ ይሞታል። ንጉሡ ደርግ መሆኑን ማናችንም አልተጠራጠርንም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትሰማ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ውኃ ሰልፍ ላይ ስሻማ ጀሪካኔ ወድቆ ተሰነጠቀ። የእናቴን ቁጣ ፈርቼ ሰልፉን ለሚጠብቀው ሱዳናዊ ዘበኛ ከኋላዬ የቆመችውን ለተ የምትባል ልጅ ጠቆምኩ። «እሷ ገፍታኝ ነው» አልኩት። ጓደኛዬ አበባም፣ «አዎ፣ አይቻለሁ» አለች። ለተ ከትግርኛ በቀር አትችልም፤ ምን እንደተባለች እንኳ ሳይገባት ዘበኛው ከሰልፉ አወጣት። እናቷ አራስ ነበረች። ለተ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ስትመለስ አየኋት።

የዚያኑ ዕለት ምሽት የኔታ ታሪኩን ሲያወሩ ምስክሮቹ ዘንድ ደረሱ። ያን ታሪክ ስንት ጊዜ ስሰማው እነዚያ ሁለት ሰዎች መልክ አልነበራቸውም፤ አሁን ግን አንዷ እኔ፣ አንዷ አበባ ነበርን። የኔታ መጽሐፉን አጥፈው፣ «እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ራሴን ነው። ከንጉሡም፣ ከምስክሮቹም፣ ድንጋይ ካነሱትም መካከል» አሉ።

እናቴ ቀና አለች። «የኔታ፣ ልጄን የገደሉት እኔ ውስጥ ናቸው?»

የኔታ ወደ እሷ ዞሩ። «አይደሉም፣ ትርንጎ። ደሙ በእነሱ ላይ ነው፤ ፍርዱንም ካንቺ ጋር እጠብቃለሁ። ግን እስኪመጣ ድረስ የገዛ ነፍሴን ሳልጠይቃት እንዳልከርም ብዬ ነው።»

እናቴ ተነሥታ ገባች። እኔ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

በማለዳ ለእናቴ ነገርኳት። አልመታችኝም፤ ላስቲክ እያቀለጠች የጀሪካኑን ስንጥቅ መድፈኗን ቀጠለች። ከዚያ ዘበኛው ፊት ቆሜ በምችላት አረብኛ «አና ከዳባ» አልኩት፤ ውሸታም ነኝ ማለቴ ነበር። ዘበኛውም ለተን ከሰልፉ ፊት አቆማት። ይቅርታ ስላት ግን ጀሪካኗን ሞልታ፣ ሳታየኝ አለፈች። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቧ በካሚዮን ኡም ጋርጉር ወደሚባል ሌላ መጠለያ ተወሰደ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ የየኔታን ንግግር አልተቀበለችም፤ ተሳስታለች ለማለትም አልደፍርም። እኔ ግን ስለ ግፍ የሚናገር ምዕራፍ በገለጥኩ ቁጥር ተረጋግቼ ማንበብ አልሆነልኝም። የተገፋው ሰው ያሳዝነኛል፤ ወዲያው ግን እኔ በየትኛው በኩል ቆሜ እንደሆነ መፈለግ እጀምራለሁ። የምፈልገው በሐሰት የተናገርኩበትን ቀን ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ሲገፋ እያየሁ ዝም ያልኩበትንም ነው።