የእርቃን ማኅበር ደንብ

በደርግ ዘመን ስዊዘርላንድ ከገባን ሰዎች መካከል እንደ እህት የማያት አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። እኔ ጄኔቭ፣ ኦኔ በሚባለው ሰፈር ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ እኖር ነበር። እሷ ዙሪክ ሆና፣ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች ምግብ በሚዘጋጅበት ኩሽና ትሠራለች። አዲስ አበባ ታስራ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። እሷ አታነሳውም፣ እኛም አንጠይቅም። በዚያ በሐምሌ ሙቀት እንኳ አንገቷ ድረስ የተቆለፈ ሸሚዝ ነበር የምትለብሰው።

አንድ ሐምሌ ልጠይቃት ሄድኩ። አከራይዋ አንዲት ጡረተኛ ሴትዮ፣ እሑድ እሑድ ሐይቅ ዳር የሚሰበሰብ የእርቃን ማኅበር አባል ነበሩ። እኛ ማኅበር ሲባል ጠበል ጻዲቅ የሚቀመስበትን ነው የምናውቀው፤ እነዚህ ልብሳቸውን አውልቀው ይዋኛሉ፣ ይበላሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ። ሰው ገላውን እንዳለ ሲቀበል ነፍሱ ታርፋለች፣ እዚያ ማንም ማንንም አይታዘብም እያሉ ጓደኛዬን ሲሰብኳት ከርመዋል። በዚያ እሑድ እንሂድ ስትለኝ ደነገጥኩ። ሄድኩ፤ የሄድኩት ግን ልስቅባቸው ነው።

የሚያስቅም አላጣሁም። አንዱ ቋሊማ ይጠብሳል፣ ዘይቱ እንዳያቃጥለው ሽርጥ ከፊት አስሯል፤ ዞር ሲል ግን ሌላ ነገር ነው። ልብሳቸውን ቢጥሉም ደንባቸውን አልጣሉም። ፎጣ ሳያነጥፉ መቀመጥ ክልክል፣ ከምሳ በኋላ ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል። እንግዳ ለመጀመሪያ ቀን ልብሱን ሳያወልቅ መቀመጥ ይችላል ሲሉኝ ብቻ ደንባቸውን ወደድኩት። መሪያቸው ጡረታ የወጣ መምህር ነበር፤ ካልሲና ጫማ አድርጓል፣ ከዚያ በላይ ምንም የለም። ሊቀመንበር ነኝ አለኝ። ከአንድ ሊቀመንበር ሸሽቼ ሌላው እጅ ወደቅሁ። በፈረንሳይኛ ስለ ኀፍረት ረጅም ትምህርት ሰጠኝ፤ እናንተ አፍሪካውያን ይህን ከእኛ በፊት ታውቁት ነበር አለ። እናቴ ጸጉሯን እንኳ ሳትሸፍን ከደጅ እንደማትወጣ ብነግረው የሚሰማኝ አልነበረም።

ይህን ሲያስተምረኝ ጓደኛዬ ተነስታ ሸሚዟን ፈታች፤ ቀጥላም ሌላውን። እኔ ጀርባዋን ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ቆዳው ተጎርጉሮ፣ ተቋጥሮ ድኗል። ኳሱ ቆመ። ማንም ማንንም አይታዘብም የተባለው ሕዝብ ሁሉ አፍጥጦ አያት። እሷ ፎጣዋን አንጥፋ ፀሐይ ላይ በደረቷ ተኛች።

ሊቀመንበሩ ወደ እሷ አልሄደም። አከራይዋን ጠርቶ፣ የአባላቱ ልጆች እየጠየቁ ነው ብሎ በጀርመንኛ አንሾካሾከ። ሴትየዋ ፊታቸው ቀላ። ጓደኛዬ ሰምታው ኖሮ ቀና ብላ አናገረችው፤ የተባባሉትን ኋላ ቃል በቃል ነገረችኝ።

«ልጆቹ ምን ብለው ጠየቁ?»

«ምን ሆና ነው እያሉ ነው። ሸሚዝ ጣል ብታደርጊ ለሁሉም ይሻላል።»

«ተገርፋ ነው በሏቸው።»

«እዚህ ስለ ፖለቲካ አናወራም። ደንብ ነው።»

ገላን መቀበል ያሉት ለካ በፀሐይ የጠቆረውን፣ በቢራ ያበጠውን ኖሯል። ጓደኛዬ ተነስታ በመካከላቸው አልፋ ውሃው ውስጥ ገባች፣ እስኪበቃት ዋኘች። አከራይዋ ቤት ስንደርስ ይቅርታ ጠየቋት፤ ለእሳቸው ያለኝ ንቀት ያኔ ትንሽ ቀነሰ።

ወሬው ከእኛው ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ ለፈረንጅ ገላዋን አሳየች፣ አሰደበችን እያሉ አሟት። ስለ ጀርባዋ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ታስራ የነበረችው ለማን ብላ እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉት። ሊቀመንበሩ ቢያንስ ካልሲውን አድርጎ ፊት ለፊት ቆሟል፤ እነዚህ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ነው የሚናገሩት። ይህንኑ ነግሬያቸው ወጣሁ፣ ብዙ ጊዜም አልተመለስኩም።

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ስደውልላት ከአከራይዋ ጋር አሁንም ሐይቁ ዳር እንደምትሄድ ነገረችኝ። ሊቀመንበሩስ አልኳት።

«ፎጣውን ራቅ አድርጎ ያነጥፋል» አለች። «እኔ ግን ፀሐዩ ለጀርባዬ ተስማምቶታል።»