የላሉት አሥራ አንድ ምስማሮች

የካቴሎ ሥራ ማንኳኳት ነበር። በካስቴላማሬ ከተማ የመርከብ ግንባታ ግቢ ሌላው ሠራተኛ ብረት ይበሳል፣ የጋለ ምስማር ይቀጠቅጣል፤ እሱ ደግሞ ትንሽ መዶሻውን ይዞ የተመታውን ምስማር አንድ በአንድ ያንኳኳል። የጠበቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የላላው ድምፁ ይታፈናል። በላላው ላይ በጠመኔ ክብ ያደርግበታል። ያ ምስማር ይወጣና ሌላ ይገባበታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ይኸው ነው ሥራው።

በዚያ ሁሉ ቅጥቀጣ መሐል የኖረ ጆሮ ምን ይተርፈዋል? ግራው ቀድሞ ሄደ። ቀኙ ደግሞ አሁን በግቢው ያለውን ትልቁን ብረት ለበስ የጦር መርከብ በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት ተከተለ። የምታውቀው ሚስቱ ኑንዚያታ ብቻ ናት። አንድ ቀን "ሾርባው ቀዘቀዘ!" ብላ ጎረቤት እስኪወጣ ብትጮኽ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ነበርና ዞር እንኳ አላለም።

"አንተ ሰውዬ፣ ካወቁብህ ያስወጡሃል" አለችው፣ ከንፈሯን እንዲያይ ቀስ ብላ።

"ጣቴ አለ" አላት።

እውነቱን ነው። ጣቱን የምስማሩ ራስና ብረቱ የሚገናኙበት ላይ ያኖርና በሌላው ጎን ይመታል። የጠበቀው ዝም ይላል፤ የላላው በእጅ እንደ ተያዘ ጢንዚዛ ይርገበገባል። እንዲህ እያደረገ ሁለት ዓመት አለፈ። ማታ ማታ ጉልበቱም ወገቡም አልታዘዝ ይለዋል።

የመርከቡ ሆድ ድርብ ነው። በውጭውና በውስጡ ብረት መካከል ብዙ ትንንሽ ክፍል አለ፤ ውጭው ቢበሳ ውኃው ከአንዱ ክፍል እንዳያልፍ ተብሎ የተሠራ ነው። እዚያ ሰው የሚገባው በደረቱ እየተሳበ ነው። መርከቡ ወደ ባሕር ሊወርድ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ካቴሎ ከነዚህ ክፍሎች በአንዱ አሥራ አንድ ምስማር ላይ በጠመኔ ክብ አደረገ። ሁሉም የምስማር መቺው የሳባቶ ምቶች ናቸው። ሳባቶ ተቆጥቶ የሠራተኞቹን ተቆጣጣሪ ካቦ አኒዬሎን እየጎተተ አመጣው።

ካቦው ፋኖሱን ከኋላው አድርጎ ካቴሎ ወዳለበት ክፍል በደረቱ ገባ። አንዱን ምስማር አንኳኳና፣ "ይሄ እኮ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው! ምኑ ነው የላላው?" አለ።

ካቴሎ የካቦውን አፍ ጨለማው ሸፍኖበታል። "አዎ፣ ካቦ" አለ።

"ምን አዎ? መቼ ነው ያየኸው?"

"አዎ፣ ካቦ።"

ሳባቶ ከውጭ በሳቅ ፈረሰ። "ካቦ፣ ግድግዳውን ቢጠይቁት ይሻል ነበር! ቢያንስ ያስተጋባል!"

አኒዬሎ ፋኖሱን አምጥቶ ከራሱ አገጭ ሥር ያዘ። ከንፈሩን ከፈት እያደረገ፣ "አትሰማም አይደል?" አለ።

ካቴሎ ዓይኑን ከካቦው ከንፈር ሳይነቅል መዶሻውን በእጁ አገላበጠ።

"እኔም ሽማግሌ ነኝ" አለ ካቦው። "ስማኝ… እየኝ ማለቴ ነው። አሥር ቀን ነው የቀረን፣ አለቆቹ ራሴ ላይ ቆመዋል። አንተ ጠመኔውን ጥረግ፣ እኔም ዛሬ ያየሁትን እረሳለሁ።"

በመሐረብ ቢጠርገው የአንድ አፍታ ነገር ነው። ነገም ይገባል፣ ከነገ ወዲያም ይገባል። ካቴሎ ለመዋሸት እንኳ ጉልበት አጣ።

"አልሰማም፣ ካቦ። ግን ላልተዋል። እጅዎን ይስጡኝ።"

የካቦውን ጣት ይዞ ምስማሩ ላይ አኖረና መታ። አኒዬሎ ጣቱን እሳት እንደ ነካው ሰው ሰበሰበ። ጆሮውን ያታለለው የጠባቡ ክፍል ማስተጋባት ነበር፤ ምስማሩስ ይርገበገባል። ሁለተኛውን ራሱ መታ፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ ዞሮ ለሳባቶ አንድ ነገር ጮኸ። ሳባቶ ሳቁን ትቶ ምስማሮቹ የሚነቀሉበትን መሮ ሊያመጣ ሄደ።

ቅዳሜ፣ የሠራተኞች የናስ ቁጥር በሚሰቀልበት ሰሌዳ ላይ የካቴሎ ምስማር ባዶውን ነበር፤ ከሥራ ወጥቷል ማለት ነው። ካቦው መጥቶ ትከሻውን ያዘና ረዘም ያለ ነገር ነገረው። ካቴሎ ግን ከንፈሩን ለማየት ቀና አላለም።

መርከቡ የወረደ ቀን ከተማው በሙሉ ወደ ባሕሩ ጎረፈ። ኑንዚያታ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ክንዱን ነካችውና፣ "አምስት ዓመት የለፋህበት አይደል? ተነስ እንጂ!" አለችው።

"ያለ እኔም ይወርዳል" አለና አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞረ። የምርቃቱ መድፍ ሲተኮስ መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እሱ ግን እንቅልፍ ይዞት ነበር።