ዑዘይር ተኝቶ የፈለገው ፊት

ፒያሳን ዓይኔን ጨፍኜ እነዳታለሁ ስል ይስቁብኛል። ይሳቁ! ሠላሳ አንድ ዓመት ላዳ ነድቻለሁ፤ ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ወገቤ ያውቀዋል። አንዴማ አንድ ሙሽራ ጭኜ ፍሬን እምቢ ብሎኝ... ተዉት፣ እሱን ከጀመርኩ ይመሻል። የማወራላችሁ ስለ ጓደኛዬ ስለ ዑዘይር ነው። እኔ በአፌ የምለውን እሱ ያደርገዋል። ዓይኑ ጠፍቶ ፒያሳን ያያል፤ የሚያየው ግን ሲተኛ ነው።

ዑዘይር ወርቅ ሠሪ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው ፒያሳ የከፈቷት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገው። ሠላሳዎቹን አጋምሶ ዓይኑ ከዳር ከዳር ይጨልምበት ጀመር፤ ግላኮማ ነው አሉት። እኔ ከሐኪሙ በፊት አውቄ ነበር፤ ሰላም ስለው በጎኔ እያለፈኝ ሲሄድ፣ ይሄ ሰውዬ ወይ ኮርቷል ወይ ዓይኑን አሞታል አልኩ። ጭራሽ የጨለመበት ሚስቱ ሰዓዳ ኢልሀምን አርግዛ ሳለ ነው። ልጅቷ ተወለደች፤ ለቅሶዋን ሰማ፣ ፊቷን አላየም። ሰዓዳም ልጅቷ አራት ዓመት ሳይሞላት ሞተችበት። እሱ ግን ሱቁን አልዘጋም። እስከ ዛሬ ቀለበት ይወለውላል።

ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ሱቁ ውስጥ ካለችው አግዳሚ ላይ ጋደም ይላል። እኔ በሩ ላይ እቀመጥለታለሁ። ሲነቃ፣ «ዓምዴ፣ ዛሬ የት ደርሼ የመጣሁ ይመስልሃል?» ይለኛል።

እናንተዬ፣ የፈረሱት የፒያሳ ቤቶች በሙሉ እሱ ህልም ውስጥ ቆመዋል! የእንጨት በረንዳዎቹ፣ መዝጊያዎቹ፣ ደረጃዎቹ። ሰው አይጋፋም፤ እንደ ውሃ ፈሰስ ይላል። ዳገቱ አያደክምም። ወርቁ ከየመስኮቱ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ እንደ ጠዋት ፀሐይ ተኝቷል፣ ማንም አያነሳውም። ሰዓዳ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ከአንዱ ደረጃ ትወርዳለች፣ ፊቷ ጥርት ብሎ። ኢልሀም ከኋላዋ ትመጣለች። የሷ ፊት ግን እንፋሎት እንደመታው መስታወት ነው። «ልጠርገው እጄን ስዘረጋ እነቃለሁ» ይላል። ጉንጯን በእጁ ዳሷታል እኮ፤ የዳሰሰው ግን ህልሙ ውስጥ አልገባለትም።

ዘንድሮ ኢልሀም ታጨች። ከሰርጉ በኋላ ባሏ ወደ ደሴ ይዟት ይሄዳል። ሦስት ሳምንት ሲቀር ዑዘይር እጄን ያዘና፣ «አንዴ፣ አንዴ ብቻ አይቻት ትሂድ። ቢጫው ራሱ እየደበዘዘብኝ ነው፣ ዓምዴ» አለኝ።

እኔ ቀለም አልቆጠርኩም፤ የተማረ ሰው ግን አላጣም። የእህቴ ልጅ ናዝራዊት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ልቦና ታጠናለች። ሄጄ ጠየቅኳት።

«ጋሼ፣ ካደገ በኋላ ዓይኑ የጠፋ ሰው በህልሙ ማየቱን አይተውም» አለችኝ። «አእምሮው ድሮ ያየውን አስቀምጦታል፤ እሱን እየቀጣጠለ ይሥላል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሊደበዝዝ ይችላል።»

«አይቶት የማያውቀውን ፊትስ?»

«የተነገረውን ይዞ ሊሠራው ይችል ይሆናል። የሚነግረው ካገኘ።»

«የሚነግረው? በመናገር ማን ቀድሞኝ ያውቃል!»

«ያለውን ብቻ ነዋ፣ ጋሼ» አለችና ሳቀች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ጋደም ሲል ጆሮው ሥር ቁጭ እልና ኢልሀምን አወራለታለሁ። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ስትስቅ ጉንጯ የሚሰረጎደውን። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ እያልኩ፣ ትንፋሹ እስኪረዝም። አንዳንዴ እኔም ሸለብ ያደርገኝና የማን ህልም ውስጥ እንዳለሁ ይጠፋኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ተኝቶ ሳለ ከሽፋሽፍቱ ሥር ዓይኖቹ ወዲያ ወዲህ ይሉ ጀመር። አንድ ነገር የሚከተሉ ይመስላሉ። ፈገግ አለ። ከዚያ በእንባ ነቃ።

«አየኋት!» አለ። «እንፋሎቱ በራሱ ጊዜ ለቀቀ! ሳቀችልኝ፣ ዓምዴ!»

ይሄኔ ኢልሀም ምሳውን ይዛ ገባች። «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«አየሁሽ ልጄ! ጉንጭሽን፣ ያንን ፍንጭትሽን...»

ሳህኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን።

ፍንጭት የላትም። አንዱ የላይ ጥርሷ ሌላው ላይ ተደርቦ ነው የበቀለው። ለሙሽራ አይሆንም ብዬ፣ ከራሴ ፍንጭት ሰጠኋት! ምን ላድርግ፣ ፍንጭት ያምራል።

ዝም ትለዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አጠገቡ ተንበርክካ፣ «አባዬ፣ ያየኸው እኔን አይደለም» አለችው። ጣቱን ይዛ ጥርሷ ላይ አሳረፈችው። ጣቱ ተደርቦ የበቀለው ጥርስ ላይ ሲደርስ ቆመ። ተመለሰ። ደግሞ ሄደ።

«ይሄ የሰዓዳ ጥርስ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የእናትሽ ነው። ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አፍሬ። ጋሽ ዓምዴ የሚነግርህ ሁሉ ደግሞ ደስ ይልሃል።»

«ዓምዴ!»

«አቤት።»

«ውጣ።»

ወጣሁ። በመስታወቱ አያለሁ፤ እሱ ጋደም ብሏል፣ እሷ ጆሮው ሥር ናት፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምትለው አይሰማም። በማግስቱም እንደዚያው። መንገዱ ላይ መኪናው ይንጫጫል፣ እነሱ ግን ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ።

ቅዳሜ፣ ሰርጉ ነገ ሊሆን፣ ብዙ ተኛ። ዓይኖቹ ከሽፋሽፍቱ ሥር ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ አሉ፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ረጉ፣ ረጅም ጊዜ። ሲነቃ ኢልሀም ሂና ልትቀባ ሄዳ ነበር። እኔ ገባሁ።

«አየሃት?»

ዝም።

«ዑዘይር፣ አየሃት ወይ?»

«አልነግርህም።»

«እንዴ! እኔ ነኝ እኮ ያስጀመርኩህ!»

«ለዚያ ነው የማልነግርህ። ጨማምረህበት ነገ ሰርጉ ላይ ሌላ ልጅ ታስመጣብኛለህ» አለና፣ ጫማውን በእግሩ እየዳሰሰ ብቻውን ይስቅ ጀመር።

ይኸው ስድስት ወር፣ አልነገረኝም።