ደም ያልተሰጠበት የገብርኤል ዕለት

በጋይንት፣ በአርብ ገበያ ዙሪያ የሐኪም ወረቀት የሚያነብ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እኔ ነኝ። ፊደልን ያለ መምህር፣ ዳዊትን ያለ የኔታ ለይቻለሁ። እንግሊዝኛውንም ከመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ለቅሜ ነው የተማርኩት። ይህን የምጽፈው ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ለገባበት ሰው ነው።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ባለቤቴ ጥሩነሽ ከሰገራዋ ጋር ደም አየች። ኪንታሮት ነው አልኳት። ክረምቱን ከሳች። በመስከረም በበቅሎ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ጎንደር አደረስኳት። ፈረንጁ ሐኪም የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው አለ። ቆርጦ አወጣው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ደሟ ተወስዶ በበረዶ ሣጥን ውጭ አገር ተላከ። ካንሰሩ ደም ውስጥ የሚተወውን ምልክት የሚቆጥረውን ይህን ምርመራ «ሲኢኤ» ይሉታል። ሃያ ስምንት የነበረው ቁጥር ወደ ሁለት ወረደ። ሐኪሙ በረዳቱ፣ ቁስል በሚያሽገውና መርፌ በሚወጋው ድሬሰር አስተርጓሚነት፣ «ቁጥሩ ተመልሶ ከወጣ በሽታው የሆነ ቦታ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ እንፈልገዋለን። በየሦስት ወሩ ደሟን እንይ» አለን።

አገራችን ተመልሰን ጥሩነሽ እህል መቅመስ፣ ከዚያም ከጎረቤት ጋር መሳቅ ጀመረች፤ በኅዳር ወገቧ ጠንክሮ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሯ ሄዳ ተሳልማ መጣች።

ቀጠሮው የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ነበር። ለምስጋና ብላ በጠዋት ጎንደር ላይ ቆረበች። ሆስፒታል ገባን። ድሬሰሩ መርፌውን ሲያነሣ እጁን ያዝኩት። የቆረበ ሰው በቆረበበት ቀን ደሙ መፍሰስ የለበትም።

«አባባ፣ ሣጥኑ ዛሬ ይሄዳል። ሌላው የሚላከው በወሩ ነው» አለኝ።

«አንቱ፣ ቄስ ብንጠይቅስ?» አለች ጥሩነሽ።

«ቄስ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም?»

ሳቀች። «አንቱ ያላነበቡት የእኔን ሆድ ብቻ ነው።»

እህሉ አውድማ ላይ ነበር። ከውቂያው በኋላ እንመለሳለን ብዬ ይዣት ወጣሁ።

ውቂያው አለቀ። ደህና ናት ብዬ ተውኩት። የተመለስነው በሚያዝያ ነው። ቁጥሩ ዘጠና ሆነ። በሽታው ጉበቷ ውስጥ ገብቷል።

«በታኅሣሥ ብታዩት ኖሮ?» አልኩ።

ሐኪሙ ወረቀቱን እንደገና አየና፣ «አላውቅም። ምናልባት ትንሽ ሳለ እናገኘው ነበር።»

በሐምሌ ሞተች።

የነፍስ አባታችን ከቀብሩ በኋላ ወደ እኔ መጡ። «ቁርባኑን ፈቅጄላት ነበር። የደሙን ቀጠሮ ግን ማን ነገረኝ? ደሟን ሰጥታ እሑድ ትቁረብ እል ነበር» አሉኝ።

አንጀታቸውን ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሁሉ የምመክረው ይህን ነው፤ ደህና ነኝ ብላችሁ ቀጠሮ አትዝለሉ። ደህንነታችሁን የሚጠይቁት ደማችሁን ነው። ያከማትን ሐኪምና ያን ትዕግሥተኛ ድሬሰር እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከዚያ ወዲህ ከጋይንትና ከስማዳ አራት ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለደም ምርመራ በራሴ በቅሎ አድርሻለሁ። የሁሉንም ቁጥር በእጄ ጽፌ አኑሬያለሁ። የአንዱ ከፍ ሲል በሳምንቱ መልሼ ወስጄዋለሁ፤ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዛሬ ያርሳል። ከየጉዞው በፊትም፣ ቄሱ መቋሚያቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን እስኪወጡ ደጅ ቆሜ፣ በቀጠሮው ቀን ደም ይሰጥ እንደሆነ ጠይቄያቸዋለሁ።